የጋሽ ሰይፉ መነጽር

የእንጨት መድኃኒት ቀማሚው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት፣ አቃቂ በሰቃ፣ ከከባድ መኪና ጋራዦች ጀርባ ባለው የቀርከሃና የአጣና ማከሚያ ግቢ ውስጥ ነው። ያገኛቸው ዘበኛው ሙህሲን ነበር። እኛ ስንደርስ የመቀመሚያው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ «በሩ ዝግ ሲሆን ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሎኝ…» ይላል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ከዚያው ይጀምራል።

ሰውየው ከአንድ በርሜል ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ከጆሯቸው በላይ አንድ ጊዜ ተመትተዋል። የተመቱበት የብረት ቱቦ ከግድግዳው ሥር ተጥሏል፤ የጣለው ሰው ግን በደንብ ጠርጎታል።

እኔ ሳጅን ቀናው እባላለሁ። ጡረታዬ ስለተቃረበ ከማንም ጋር መጣላት አልፈልግም። አለቃዬ ኢንስፔክተር ልዕልት ግን ከልጄ ብዙም ሳትበልጥ ከሁሉም ጋር ትጣላለች። ግትር ናት። ይህን የምለው እያመሰገንኳት ነው።

«ጋሽ ቀናው፣ ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ።

በርሜሉ መቶ ሊትር የሚለው ምልክት ድረስ ሞልቷል። አጠገቡ ባዶ የሃያ አምስት ኪሎ ከረጢት ተጥሏል። በርሜሉ ውስጥ የቆመው የእንጨት ማማሰያ፣ ውሃ የነካው ክፍሉ በሙሉ የመስታወት ስባሪ በሚመስሉ ጥርት ያሉ ጠጠሮች ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሰቅሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ቦራክስ ነው» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። «ነቀዝና ምስጥ እንዳይበላው እንጨቱን ገንዳ ውስጥ የምንነክርበት መድኃኒት። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ እንበጠብጠዋለን፤ ያው እንደ ስኳር ይሟሟል።»

ተናጋሪው ጌዲዮን ነው፤ የድርጅቱ ሽያጭ ኃላፊ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ በልቅሶ የቀላ ሰው። የድርጅቱ ባለቤት ክፍለ ሀገር ስለሆኑ ግቢው በእሱ እጅ ነበር። የዓርቡን ነገር ጥርት አድርጎ ነገረን።

«ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማሽን ከቆመ ምን ሥራ አለ? ሠራተኛውን አሰናበትኩ። ሙህሲንም ለጁምዓ ሄደ። እኔ የሰፈር ለቅሶ ስለነበረብኝ ሰባት ሰዓት ላይ ልሰናበታቸው ገባሁ። በርሜሉ ውስጥ ባዶ ውሃ ነበር። ጋሽ ሰይፉ ከረጢቱን በቢላ እየቀደዱ ነው። ‹መብራት አልጠብቅም፣ በቀዝቃዛው እበጠብጠዋለሁ› አሉኝ። በዚያው ተለያየን።»

ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሰይፉ ሲቀምሙ በር ዘግተው ነው፤ ዱቄቱ ይበናል፣ ሰውም ያዋክባቸዋል። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሙህሲን ከመስጊድ የተመለሰው ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየው። አሥር ሰዓት አካባቢ ነካሪው ሮሪሳ መጥቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ወጥቷል።

ይኼው ሮሪሳ ሐሙስ ዕለት ከጋሽ ሰይፉ ጋር ተጣልቶ ነበር። ደንበኞች ነቀዝ የበላውን አጣና እየመለሱ ሲያመጡ ሽማግሌው በሠራተኛ ፊት፣ «እንጨቱ መድኃኒቱን ሳይጠጣ እያወጣህ ነው! ስሜን አጠፋኸው!» ብለው ጮኸውበታል። እሱም አጸፋውን መልሷል።

ኮማንደራችን ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አራገፉ። «በርሜሉ የተበጠበጠው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው ጌዲዮን ሲወጣ ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ የገባው ሮሪሳ ብቻ ነው። በቃ፣ ሂሳቡ አለቀ!»

ሮሪሳ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተያዘ።

*

ሚስቱ ዳሲቱ ከጣቢያው በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማ ነበር። የመውለጃዋ ወር ገብቷል። አላለቀሰችም። የገባ የወጣውን ፖሊስ ሁሉ «እሱ አይደለም» ትላለች፤ ሰላምታ እንኳ አታስቀድምም።

ሮሪሳ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ነጭ ዱቄት ለብሷል።

«አሥር ሰዓት ላይ ምን ልታደርግ ተመለስክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

«ጠየቅካቸው?»

«በሩን አንኳኳሁ። ዝም አሉኝ። አሁንም ተቀይመውኛል ብዬ ተመለስኩ።» ቀና ብሎ አያት። «ከልጅነቴ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን እመቤቴ፣ እኔ ሳይጠጣ አላወጣሁም። እነክራለሁ፣ ጊዜውን ጠብቄ አወጣለሁ። ለምን እንደሚነቅዝ አላውቅም።»

ኮማንደሩ ሱሪውን በጣታቸው አመለከቱ። «ዱቄቱስ? ክፍሉ ሳትገባ ከየት መጣ?»

«ጄሶ ነው። ቤት እያደስኩ ነው።»

«ሁሉም ሲያዝ ጄሶ ነው ይላል!»

ኢንስፔክተሯ አልተከራከረችም። ከጣቢያው አጠገብ ሻይ የምታፈላውን ሴት ሁለት ብርጭቆ ፍል ውሃ አስመጣች። በአንዱ ከመቀመሚያው ክፍል ያመጣነውን ቦራክስ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፤ በሌላው ከሮሪሳ ሱሪ የተራገፈውን። ቀሪውን በላስቲክ አሽጋ ለምርመራ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ትንሽ ሲማሰል ጠፋ፤ ውሃው ጠራ። ሁለተኛው ምንም ብናማስለው ውሃውን አደፍርሶ ታች ተኛ።

«ፍል ውሃ ቦራክስን ይውጠዋል። ጄሶን ግን እንኳን ሊውጠው አይቀምሰውም» አለች።

«ጄሶ የነካው ሰው አይገድልም የሚል ሕግ አለ?» አሉ ኮማንደሩ። «ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። እስከዚያ የተሻለ ካለሽ አምጪ።»

ስንወጣ ዳሲቱ መንገዱ ላይ ቆመችብን። «ያቺ የሚያድሳት ክፍል ለሚወለደው ልጅ ናት» አለች። «ግማሹን ለስኖ ነው የተያዘው። ግማሽ ክፍል ይዤ ነው የምወልደው?»

ኢንስፔክተር ልዕልት መኪና ውስጥ ገባች። በሩን በኃይል ዘጋችው።

*

የጌዲዮንን ቃል ለማጣራት የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ቢራ የድሮዎቹ የአካባቢው ገበሬዎች ልጅ ናቸው፤ አሁን የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ወፍጮውን አስቁመው ጆሯቸውን ሰጡን።

«ጌዲዮን? ከሰባት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ መጣ። እስኪመሽ ከድንኳኑ አልወጣም። ወንበር ሲደረድር፣ እንግዳ ሲያስተናግድ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ እኛ እኮ ስም እንጠራለን! የቀረ ይቀጣል። እንዲያውም የሰይፉ ስም ሲጠራ ያዳናቸው እሱ ነው። ‹ሥራ ላይ ናቸው፣ ይደርሳሉ› ብሎ መለሰልን። እኛም ቅጣቱን ተውንላቸው።» ፊታቸውን በዱቄታም መዳፋቸው አበሱ። «ይደርሳሉ ብለን ስንጠብቅ ነበር።»

ጥሩ ማስረጃ ነው አልኩ በልቤ። መቶ ሰው የተቀመጠበት ድንኳን አይዋሽም። ወደ መኪናው ስንመለስ እንደዚያው አልኳት።

«ድንኳኑ አልዋሸም» አለች። «ድንኳኑ የሚያውቀው ከሰባት ሰዓት በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የነገረን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

*

እሁድ ጋሽ ሰይፉ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ልጃቸው ማህሌት ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ነጠላ ደርባ ተቀምጣለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ሐዘናችንን ገልጸን ልንነሳ ስንል የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአባቴ መነጽር የት ደረሰ?»

ተያየን።

«ያለ መነጽር እጃቸውን እንኳ አጥርተው አያዩም። ከሆስፒታል ልብሳቸውን ሰጡን፣ ሰዓታቸውን ሰጡን። መነጽራቸው የለም። እኔ… ያለ መነጽር ቀበርኳቸው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እኔ ቅዳሜ ያንን ክፍል በእጄ ነው የፈተሽኩት። መደርደሪያው ሥር በሆዴ ተኝቼ ነበር። መነጽር የሚባል አላየሁም። ያልፈተሽኩት በርሜሉን ብቻ ነው። ኢንስፔክተሯም ያንኑ እያሰበች ኖሮ ቀድማኝ ተነሳች።

ሙህሲን በሩን ከፈተልን። ከላይ ያለውን ውሃ በጎማ ስበን በንጹሕ ጀሪካን አጠራቀምን። ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ጠጠር ተጋግሯል፤ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ። በመሮ እየፈነቀልን በየሽፋኑ ፎቶ አነሳን። የመጨረሻው ሽፋን ሲነሳ፣ ከበርሜሉ ባዶ ብረት ላይ ተጣብቆ፣ ጥቁር ፍሬም ታየ። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። እጀታዎቹ ላይ ጠጠሩ እንደ እሾህ በቅሏል።

«ከሥር ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ጋሽ ቀናው፣ ከጠጠሩ ሥር ነው።»

እኔ ከሥር ሆነ ከላይ ምን ለውጥ እንዳለው አልገባኝም ነበር። እሷም ግማሹን ብቻ ነው የገባት፤ ቀሪውን የሚነግረን ሰው ድንኳን ውስጥ ነበር።

*

ማህሌት ከድንኳኑ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፎቶዎቹን በስልኬ አየች። አንዲት ዘመዷ፣ «አሁን ይሄ የምርመራ ሰዓት ነው? ልጅቷን ተዉአት!» ብለው ተቆጡን።

«እትዬ፣ ይተዉኝ» አለች ማህሌት። «ስንት ኪሎ ነው የገባው?»

«አንድ ከረጢት፤ ሃያ አምስት ኪሎ። ውሃው መቶ ሊትር። መብራት ከሄደ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ገና ባዶ ውሃ ነበር ተብለናል።»

እንባዋን ጠርጋ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች።

«ቀዝቃዛ ውሃ መቶ ሊትሩ አምስት ኪሎ ገደማ ቦራክስ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በኋላ ጠግቧል፤ ቀኑን ሙሉ ቢያማስሉት አንድ ማንኪያ አይጨምርም። ስለዚህ በቀዝቃዛ ቢበጠበጥ ሃያ ኪሎው እንደ ዱቄት ታች ይተኛ ነበር። ይሄ ግን ዱቄት አይደለም። እንዲህ ያለ ትልቅ ጠጠር የሚሆነው መጀመሪያ በፍል ውሃ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ፣ በኋላ ውሃው ሲቀዘቅዝ መሸከም ያቃተውን ሲጥል ነው። ማር ሲበርደው እንደሚረጋው ማለት ነው።»

«ፍል ውሃ ለማግኘት ደግሞ መብራት ያስፈልጋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ስለዚህ አባቴ የበጠበጡት መብራት ሳይሄድ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ባዶ ውሃ ነበር ያለ ሰው ዋሽቷል።»

«ማን እንዳለ አልነገርኩሽም።»

«አይንገሩኝ» አለች። «ገና አልጨረስኩም። ሃያ አምስቱም ኪሎ እንዲሟሟ ውሃው ሰባ ዲግሪ ማለፍ አለበት። ከሰባ ሲወርድ የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች ከሥር መቀመጥ ይጀምራሉ። መነጽሩ ከጠጠሩ በታች ከነበረ…» ኢንስፔክተሯ ጠበቀቻት። «ውሃው ከሰባ ዲግሪ በላይ ሳለ ነው የወደቀው። አባቴ የተመቱት በርሜሉ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ያንኑ በርሜል አፍልታችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እዩ።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

*

አፈላነው። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዓይነት በርሜል፣ በዚያው ማሞቂያ፣ ከመጋዘን በወጣ አንድ ከረጢት። እኔ መብራት እንዳይሄድብን ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። ውሃው ሊፈላ ሲል ኢንስፔክተሯ ማሞቂያውን ነቅላ ቴርሞሜትር አንጠለጠለች፤ ወደ እኔም ዞረች።

«መነጽርዎን ይስጡኝ።»

«የእኔን?»

«የጣቢያውን በጀት እስክንጠብቅ ይቀዘቅዛል።»

መነጽሬን ከበርሜሉ ጨመረችው። ማሞቂያው ከተነቀለ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቴርሞሜትሩ ከሰባ ወረደ፤ በባትሪ ስናበራ ከሥር የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች አንጸባረቁ። መብራት ስድስት ሰዓት ከሄደ፣ ጠጠሩ መጣል የጀመረው ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ነው ማለት ነው። ሮሪሳ የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አራት ሰዓት ሲሞላ፣ ሮሪሳ በመጣበት ልክ፣ የራሷን የፀሐይ መነጽርም ጨመረችበት።

ሰኞ ጠዋት ኮማንደሩን ይዘን መጣንና ከፈትነው። የእኔ መነጽር ከጠጠሩ ሥር፣ ከብረቱ ላይ ተጣብቋል። የእሷ ከጠጠሩ ላይ ተቀምጧል። ኮማንደሩ ሁለቱን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

«በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

ሠራተኛው ወጥቷል። ሙህሲን መስጊድ ነበር፤ ከአጠገቡ የሰገዱትን አነጋግረናል። ኮማንደሩ ለጥያቄያቸው መልስ ሳይጠብቁ፣ «ጥሩት» አሉ።

*

ጌዲዮን ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ኢንስፔክተሯ በትህትና ነው የተቀበለችው። ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ በርሜልና ያልተከፈተ ከረጢት ቀርቧል።

«እንደ ስኳር ይሟሟል ብለኸናል። እስቲ አሳየን።»

ሳቅ ብሎ ዱቄቱን ገለበጠ፣ ማማሰል ጀመረ። አማሰለ። እጅጌውን ሰበሰበና አማሰለ። ማማሰያው ከታች የተከመረው ዱቄት ውስጥ እየተተከለ ያቅተው ጀመር። ለዓመታት በዚህ የታከመ እንጨት ሲሸጥ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን ራሱ በጥብጦ አያውቅም። ውሃ የሰጡትን ሁሉ የሚውጥ ይመስለው ነበር።

«ጋሽ ሰይፉ ዘዴ ነበራቸው» አለ እያላበው።

«ነበራቸው። ማሞቂያ» አለችና የተሰነጠቀውን መነጽር ከፊቱ አስቀመጠች። «ይሄ የወደቀው ውሃው ገና ትኩስ ሳለ ነው። ያኔ ግቢው ውስጥ የነበራችሁት አንተና እሳቸው ናችሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቤትህን ስንፈትሽ ከጓሮው የቦራክስ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች አግኝተናል። ከየት የመጡ ናቸው?»

ማማሰያውን አልለቀቀም። ይዞት ቆመ፣ ከዚያ ይዞት ተቀመጠ።

«ማታ ማታ ከመንከሪያው ገንዳ እየቀዳሁ ለሌሎች ቤቶች እሸጥ ነበር» አለ። «የጎደለውን በቧንቧ ውሃ እሞላዋለሁ። ማን ያውቃል ብዬ! ያው ነጭ ውሃ ነው። እሳቸው ዓርብ ጠዋት ከገንዳው አንድ ኩባያ ቀድተው፣ ውሃውን አትንነው የቀረውን ዱቄት መዘኑት። ከሚገባው ግማሹ የለም። መብራት ሲሄድ ጠሩኝ። ‹ልጁን በከንቱ ሰደብኩት። ለባለቤቱ እነግራለሁ፣ ሮሪሳንም በሠራተኛ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ማማሰል ቀጠሉ። አንዴ ነው የመታሁት። አንዴ ብቻ።»

«ከዚያ ድንኳን ሄደህ፣ ይደርሳሉ አልክ» አለች ኢንስፔክተር ልዕልት። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ ድምጿ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

*

ኮማንደሩ ዐቃቤ ሕጉን ራሳቸው ደውለው አነጋገሩ። ሮሪሳ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ዳሲቱ ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ጥላ አቀፈችው፤ እኔ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

ኢንስፔክተሯ ጋሽ ሰይፉ ሊሉት የነበረውን ነገር አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረችው። «በር ሳንኳኳ ተቀይመውኛል ብዬ ነበር» አለ ሮሪሳ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ወደ ቤት እናድርሳችሁ ስንለው፣ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት መድረስ እፈልጋለሁ አለ።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሮሪሳ ሲገባ ሰዉ ፊቱን አዞረበት፤ ወሬው ገና አልደረሰም። ማህሌት ግን ተነስታ እስከ በሩ መጣችና እጁን ይዛ ከዘመዶች ተርታ አስቀመጠችው። ኢንስፔክተሯ የአባቷን መነጽር ለጊዜው ልንሰጣት እንደማንችል ስትነግራት፣ «እጠብቃለሁ» አለች።

ጋሽ ቢራ ቆመው እንደ ልማዳቸው ስም መጥራት ጀመሩ። እያንዳንዱ ከየወንበሩ አለሁ ይላል። ከዚያ፣ «ጌዲዮን» አሉ።

መልስ የለም። ሰዉ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ጌዲዮን!»

ኢንስፔክተር ልዕልት ከበሩ አጠገብ ብድግ አለች።

«እኛ ጋ ነው» አለች። «አይደርስም።»

በድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳና ቀስ በቀስ ጠፋ። ጋሽ ቢራ አንዴ እሷን፣ አንዴ ማህሌትን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ከዘመዶች ተርታ ላይ አረፈ። ጉሮሯቸውን ጠርገው የሚቀጥለውን ስም ጠሩ።

«ሮሪሳ።»

«አለሁ» አለ።